ለጅማ ሰዎች፦ ክራንቹን ቅዳሜ እመልሳለሁ

ሰላም ጅማዎች። አውሮፕላን ይዞ የወደቀው የሰፈራችሁ ልጅ ነኝ። እግሬ ገና ያነክሳል፣ አፌ ግን እንደምታዩት ደህና ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ «ምስኪን፣ የመብራት ሽቦውን ሳያየው እኮ ነው» ይላል። አውቀው ነበር። አዋሽ ሸለቆ ጥጥ ማሳ ላይ በአውሮፕላን ኬሚካል ስረጭ በዚያው ጠዋት ስንቴ እንደዘለልኩት እንጃ። ዋናውን ማሳ ጨርሼ ጠርዝ ጠርዙን ስለቃቅም ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ መጣች፣ ክንፉ ላይ ካሉት ኖዝሎች፣ ኬሚካሉ ከሚወጣባቸው አፎች፣ አንዱ ተደፍኖ ስለነበር ዓይኔ ወደዚያ ሄደ፣ በቃ። ከጥጡ በላይ 3 ሜትር ላይ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ስትበር በሴኮንድ 50 ሜትር ትሄዳለህ፤ ክንፍህን አየት አድርገህ ስትመለስ ማሳው አልቋል። ደግሞ ሽቦ አይታይም። እኛ የምናየው ምሰሶውን ነው፣ ሽቦውን ከምሰሶው ተነስተን እንገምታለን። ምሰሶውን ደግሞ ግራር ሸፍኖታል። መስታወቱ ላይ ሽቦ መቁረጫ ስለት ነበረኝ፤ ሽቦው ግን ከሱ ዝቅ ብሎ ጎማውን ያዘው።

ሽቦው ላይ ቀይ ኳስ ይንጠልጠል ብለን ስንወተውት ከርመን ነበር። ማን እንዳዘገየው አልናገርም፣ ራሱ ያውቃል።

እና ጋሼ ባንዲራ ያዡ፣ ማሳው ላይ ቆሞ መስመሬን በባንዲራ የሚያሳየኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲሮጥ «ቁሙ! ሽቦው ኤሌክትሪክ ይዟል!» ብሎ በባንዲራው እንጨት መንገዱን የዘጋው እሱ ነው። ያኔ ክፉ መስሎኝ ሰድቤዋለሁ። የፓምፕ ቤቱ ልጅ መብራቱን እስኪያጠፋ ማንንም አላስጠጋም። ከዚያ ግን ቀድሞ የደረሰው ራሱ ነው፤ ታንኩ ተቀዶ ኬሚካሉ ላዬ ላይ ስለፈሰሰ ልብሴን ቀዶ አውልቆ በጄሪካን ውሃ አጠበኝ። ጋሼ፣ ስድቡን ይቅር በለኝ።

ጅማ ስመጣ ደግሞ እናንተ አላችሁ። እድራችን ወንበሩን ሁሉ ጭኖ ለጠያቂ አመጣ፤ ድንኳኑ አለመምጣቱ ተመስገን ነው። የእናቴ ረከቦት ሁለት ወር ሙሉ ከቦታው አልተነሳም። በዱዓም በጸሎትም ያሰባችሁኝ፣ ነጭ ማር የላካችሁልኝ፣ ገለቶማ። ከጅሬን እየወረደ ወደ ፊዚዮቴራፒ ያመላለሰኝ የባጃጅ ሾፌር ሂሳብ ስጠይቀው «ስትድን በአውሮፕላን ታዞረኛለህ» ይለኛል። ወንድሜ፣ የኔ አውሮፕላን ወንበሩ አንድ ብቻ ነው።

ተኝቼ በመስኮት የማየው ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ቤታችን የሚገባውን የመብራት ሽቦ ነበር። ጠዋት ርግቦች ሲሰለፉበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እነሱ ሲነሱ ግን፣ በተለይ ደመና ሲሆን፣ ፈልጌ አጣዋለሁ። አሥር ሜትር አይርቅም። እህቴ ሻይ ይዛ ገብታ «ምን ታፈጣለህ?» ስትለኝ ምን እንደምላት ይጠፋኝ ነበር።

ትመለሳለህ ወይ ለምትሉኝ፣ እናቴ ይህን ስለምታነብ አልመልስም።

ክራንች ያዋሳችሁኝ እትዬ፣ አንደኛው የታች ጎማው ስላለቀ መርካቶ ሄጄ ላስቀይረው ነው። ቅዳሜ ከቡና በፊት ይዤ እመጣለሁ፣ በእግሬ።