የኪሊማንጃሮ 2050 በማን አቆጣጠር ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

«የኪሊማንጃሮ በረዶ በ2050 ዓ.ም. ያልቃል» ያላችሁትን ዜና እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። አጠገቤ የነበረው ወዳጄ በጣቱ ቆጠረና «ኧረ ገና ነው፣ ሄጄ አየዋለሁ» አለ።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ላይ ያለው 2050 ግን የፈረንጅ ነው። በእኛ 2042 ወይም 2043 መሆኑ ነው። «ዓ.ም.» ብላችሁ ለተራራው ሰባት ስምንት ዓመት መረቃችሁለት!

በዚህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ዜናው ሲነበብ ኮምፒውተር የሚባል ጠንቋይ ቀን ቆርጦ የነገረን ይመስላል። ትንበያው የሚሠራበት የኮምፒውተር ስሌት፣ ሞዴል የሚባለው፣ ግን በቀላሉ ሲታይ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። የሚጥለው በረዶ ገቢ ነው፤ የሚቀልጠውና የሚተነው ወጪ። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ያለፉትን ዓመታት ያሰሉበትና ውጤቱን በመለኪያ ከታየው ጋር ያስተያዩታል። ከዚያ ነው ወደፊት የሚሄዱት። የነገው ሙቀት ደግሞ ሰው በሚያቃጥለው ነዳጅ ልክ ስለሚለያይ መልሱ አንድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ሙቀቱ በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 ከዓለም የበረዶ ግግሮች በቁጥር 49 በመቶው፣ ጭማሪው 4 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ 83 በመቶው ይጠፋሉ ይላል። «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ከዜናችሁ ወድቃለች።

ይህ ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የቡና አበባ ሲፈካ ነጋዴው ማሳ ውስጥ ይገባል። ቅርንጫፉን ቀና አድርጎ ያያል። «ዝናቡ ካልተቋረጠ ይህን ያህል፣ ከተቋረጠ ግማሹ» ይላል። ከአበባው ተነስቶ ቁርጥ ያለ ኩንታል የሚነግርህን ማን ያምነዋል?

እ.ኤ.አ. በ2002 የበረዶ ግግር ተመራማሪው ሎኒ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ የኪሊማንጃሮ በረዶ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ሊጠፋ ይችላል ብለው ነበር። የመቀነሱን ፍጥነት ወደፊት አስቀጥለው ነው የገመቱት። በረዶው ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከስፋቱ ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ሄዷል እንጂ። ግን ባዶ ዓመተ ምሕረት ብቻ የሰማ ሰው ቀኑ ሲያልፍ «ታዲያ የታለ?» ይላል። እኔንም ክፍል ውስጥ ተማሪ ጠይቆኛል።

በዚያ ላይ «በረዶ» ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ተማሪዎቼ በረዶ የሚያውቁት ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። «ቲቸር፣ በየዓመቱ እየዘነበ እንዴት ያልቃል?» አለችኝ አንዷ። «የበረዶ ግግር» በሉት፤ ለብዙ ዘመን የተጠራቀመ መሆኑንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

እርማቱን ቶሎ ብታወጡት ደስ ይለኛል። ወዳጄ አሁንም በእናንተ ቀን እየቆጠረ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ከጅማ