ካሴቱን፣ ፎቶውንና ዘመኑን ላተረፋችሁልን፦ ከቤተ ዘመዱ የምስጋና መልእክት

የአያታችንን ሙት ዓመት ምክንያት በማድረግ የተዘጋጀው የቤተ ዘመዱ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ ገብቷል። ብዙዎቻችሁ ስማችን አይነሳ ስላላችሁ የሠራችሁትን እየጠቀስን እናመሰግናለን፤ ሌላውም ቤተሰብ ይጠቀምበታል።

ቴፕ የሚጠግኑልን ጋሼ፣ ከጅዳና ከቤሩት በደብዳቤ ፋንታ የተላኩት ካሴቶች ዛሬ የሚሰሙት በእርስዎ ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት እንደተገኘ አይከፈትም። የላላው ክር መጀመሪያ በእርሳስ ይጠመጠማል፣ ከዚያ እስከ ጫፍ ሄዶ ይመለሳል፤ የተጣበቀው ይላቀቃል። በጠርዙ ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አስቀድመው ካልተሰበሩ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ የሰውን ድምፅ ለዘላለም ያጠፋል። የቴፑ ሄድ (ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበው ክፍል) በአልኮልና በጥጥ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ድምፁ ታፍኖ ከወጣ ከክሩ ጀርባ ያለችው ስፖንጅ ወድቃ ይሆናል፤ አለዚያ የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ዘመም ያለ ነበር። ያኔ ከሄዱ ጎን በስፕሪንግ የተያዘችውን ብሎን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው እስኪሰሙ ማዳመጥ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ ፋይል እንድናስቀምጥ የነገርከን የእህታችን ልጅ፣ ተባረክ። አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ኤምፒ3 ለቴሌግራም መላኪያ ብቻ ይሁን።

ከሁሉ ያስቸገረው ዘመኑ ነበር። መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሽማግሌዎቻችን «በዘመነ ሉቃስ ተወለደ» ይላሉ እንጂ ዓመተ ምሕረቱን አይናገሩም። መንገዱ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ትርፍ ከሌለው ዮሐንስ። ዘመኑ በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ ግን ብቻውን አይበቃም፣ የታወቀ ነገር አብሮ ይያዛል። «ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ሉቃስ» ከተባለ፣ ጣሊያን የወጣው በ1933 ነውና ልደቱ 1935 ላይ ያርፋል፤ 7435 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋልና።

የሚታወሰው ክርስትናው ብቻ ከሆነም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። የካቲት 30 ክርስትና የተነሳ ወንድ ልጅ፣ የተወለደበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር፣ ልደቱ ጥር 21 ነው። እናቱ «የአስተርእዮ ማርያም ልጄ» ትለው ከነበረ ሌላ ምስክር አያሻም። ታሞ በጥድፊያ የተጠመቀ ልጅ ግን ስሌቱን ያፈርሰዋልና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከባሕር ማዶ በመጣ ፎቶ ጀርባ የተጻፈ 1985 የእኛ ይሁን የፈረንጅ ካልታወቀ፣ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን በግምት አልወሰንም፤ መጽሐፉ ላይ እንዳለ ትተን «አልተረጋገጠም» ብለናል።

አክስቶቻችን፣ ቡናው አልቆ ረከቦቱ እስኪነሳ ስለታገሣችሁን እናመሰግናለን። የሲኒ ኳኳታ ከንግግር ጋር አንዴ ከተቀዳ አይለይም። ስልኩን በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር አርቆ ማኖር የእናንተው ዘዴ ነው፤ የጠረጴዛውን ጉርምርምታ ያስቀረልን እሱ ነው።

አልበም ያዋሳችሁን ሁሉ፣ ፎቶዎቻችሁ ቁጥራቸው በለስላሳ እርሳስ በጀርባቸው ጠርዝ ተጽፎ ተመልሰዋል። እስክሪብቶ ይጫናል፣ ቀለሙም ከኋላ ያለውን ፎቶ ይነካል። ከሚያጣብቅ ገጽ ላይ በጥርስ ክር አልላቀቅ ያሉትን አላስገደድናቸውም፤ ከነገጻቸው በ600 ዲፒአይ ስካን ተደርገዋል።

ካሴት ገና በእጃችሁ ያለ ዘመዶቻችን፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከስፒከር አርቁልን። ቤታችሁ መጥተን እንቀበላችኋለን።

ቤተ ዘመዱ