ስለ መታሰቢያ ጽሑፎች ቋንቋ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሙት ዓመት መታሰቢያ ገጾች ላይ «የተሰማንን ጥልቅና መሪር ሐዘን እንገልጻለን» የሚለው አባባል ይደጋገማል። ስሙን ብትቀይሩት ለሌላ ሟች ይሆናል። ቤተሰቡ ሳያዝን ቀርቶ ሳይሆን ሐዘኑን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቋንቋ ስለጻፈው ነው።

አማርኛ እኮ ስሜትን በአካል ክፍሎች ይናገራል። ቃላቱም አይተካኩም፦ «ሆዴ ባባ» እንባ ሊመጣ ሲል ነው፤ «ሆድ ባሰኝ» ውስጥ ቅሬታና ብቸኝነት አለ፤ «አንጀቴን በላው» ደግሞ ለሌላው ማዘን ነው። ትልቁ ስህተት ግሱን ወደ ስም መለወጥ ይመስለኛል። «ከፋኝ» አንድ ቃል ነው፤ «የመከፋት ስሜት ተሰማኝ» ሲባል ሦስት ይሆንና ሕመሙ ይርቃል።

ለሚጽፉ ሰዎች የምመክረው ይህን ነው። መጀመሪያ እንደመጣላችሁ ጻፉ። ከዚያ «እጅግ»፣ «በጣም»፣ «ጥልቅ» የሚሉትን ሰርዙ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድል ነገር የለም። በቦታቸው የሟቹን አንድ ዕቃ ወይም ልማድ አስገቡ፦ «አባዬ፣ ጋቢዎ አሁንም ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው።» ይህ ሐዘን የሚል ቃል የለውም፤ ግን ያስለቅሳል። በ«እርስዎ» ከጀመራችሁ መሀል ላይ ወደ «አንተ» አትዝለሉ። አራት አምስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ አድርጉ።

እናንተም ማስታወቂያውን ስትቀበሉ የተዘጋጀ ቅጽ ከመስጠት ይልቅ «ቤት ውስጥ ምናቸው ጎደለባችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢ