የሁለተኛ ሲዝን ሂስ ስንት ክፍል ታይቶ ነው የሚጻፈው?

ይድረስ ለኪነ ጥበብ ዓምድ አዘጋጅ፣

የአንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሁለተኛ ሲዝን በጀመረ ሳምንት «እንደ መጀመሪያው አይደለም» ወይም «ከመጀመሪያው ይበልጣል» የሚል ሂስ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ግን ጸሐፊው ያየው ጣቢያው አስቀድሞ የላከለትን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ ለአንባቢው አለመነገሩ ነው።

በሁለተኛ ሲዝን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የመጀመሪያው ሲዝን ገጸ ባሕርያቱን ሲያስተዋውቅ ስለሚከርም ሦስት ክፍል ያየ ሰው አካሄዱን ይይዛል። በሁለተኛው ትውውቁ አልቋል፤ ደራስያኑ መጀመሪያ ላይ የሚዘሩትን የሚያጭዱት ወደ ማብቂያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበውን የ«ቴድ ላሶ» (ስለ አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ የሚያወሳ ኮሜዲ) ሁለተኛ ሲዝን እንውሰድ። በ10 ክፍል ተነድፎ ሳለ አቅራቢው አፕል ሁለት ክፍል አስጨመረ። ታሪኩ ቀድሞ ስለተዋቀረ ጭማሪዎቹ ከዋናው ክር ወጣ ብለው ቆሙ፤ አንደኛው የገና ክፍል ነው፣ የተለቀቀውም በኦገስት ወር! በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች «ግጭቱ የት አለ?» ማለታቸው አይገርምም። ኔት የተባለው ረዳት አሠልጣኝ ግን ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንሥቶ ቀስ በቀስ እየከፋ ነበር፤ ነገሩ የፈነዳው በ12ኛው ክፍል ነው። ቀድሞ የተጻፈ ሂስ ይህን ሊያይ አይችልም።

ሌላው ችግር ሃያስያን «ተሻሻለ» ወይም «ወረደ» ብለው ማለፋቸው ነው። ምን ተለወጠና? የቢሮ ሠራተኞችን ሕይወት የሚያሳየው የአሜሪካው ኮሜዲ «ዘ ኦፊስ» እ.ኤ.አ. በ2005 በ6 ክፍሎች ሲጀምር የመጀመሪያው ክፍል የእንግሊዙን ቅጂ ቃል በቃል የተከተለ ያህል ነበር፤ አቀባበሉም ቀዝቃዛ። በሁለተኛው ሲዝን ክፍሎቹ 22 ሆኑ፣ አለቅየው ማይክል ስኮት ከጨካኝነቱ ቀነሰ፣ ጸጉሩ ሳይቀር ተስተካከለለት፤ ለበታች ሠራተኞቹም የራሳቸው ታሪክ ደረሳቸው። በ2006 ኤሚ ከተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት የምርጥ ኮሜዲውን ወሰደ። በእንግሊዙ ታሪካዊ ኮሜዲ «ብላክአደር» ላይ ለውጡ የበለጠ ሥር ነቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በውድ የውጪ ቀረጻ የተሠራው ሥራ በ1986 ሲመለስ ወጪ ለመቀነስ ወደ ስቱዲዮ ገባ፤ በጽሑፉ ዋናውን ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰንን ቤን ኤልተን ተካው፣ ሞኙ ዋና ገጸ ባሕርይም ብልጥ ሆነ። መልክዓ ምድሩ ሲቀር ቀልዱን ንግግር ብቻ ተሸከመው፤ ተከታታዩ የተወደደውም ያኔ ነው። ሂስ ማለት ይህን ለይቶ ማሳየት ይመስለናል፤ ደራሲ ተቀይሯል? የክፍሉ ብዛት ጨምሯል? ቀረጻው የት ነው?

ከሂስ ጋር ስለሚጠቀሰው ፐርሰንትም አንድ ነገር እንበል። ሂሶችን በሚሰበስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ ላይ 100% ማለት 10 ከ10 ማለት አይደለም፤ የወደዱት ሃያስያን ድርሻ ነው። ሃያ ሰው ሁሉ 6 ከ10 ቢሰጥ 100% ሊወጣ ይችላል። ሜታክሪቲክ የተባለው ሌላ ተመሳሳይ ድረ ገጽ የሚያወጣው ግን የነጥብ አማካይ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማወዳደር ስሕተት ነው። ለሁለተኛ ሲዝን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ለምሳሌ የመጀመሪያውን ሲዝን 40 ሃያስያን አይተው 28ቱ ወደዱት እንበል፤ 70% ነው። ያልወደዱት 12ቱ ለሁለተኛው አይመለሱም፣ ከወደዱትም 20 ብቻ ይጽፋሉ፣ 18ቱ ያሞግሳሉ፤ 90% ሆነ። ሲዝኑ ባይሻሻልም ነቃፊው ስለቀረ ብቻ ቁጥሩ ያድጋል። ስለዚህ ከፐርሰንቱ ጎን የሃያስያኑ ብዛት ይታተም።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። ከሂሱ ግርጌ «ከ12 ክፍል 4ቱ ታይተው የተጻፈ» የሚል አንድ መስመር ይግባ፤ ሲዝኑ ሲያልቅም ያው ጸሐፊ ተመልሶ ሁለት አንቀጽ ይጨምርበት፣ ፍርዱን ቢቀይርም ባይቀይርም።

ከሰላምታ ጋር፣
የዓምዱ አንባቢዎች