ከሜከን መልስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። እናትህ ሲያርፉ እንኳ ለቅሶ አልደረስኩህም። የማቀርበው ሰበብ የለኝም፤ ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ፣ አትላንታ አብረን ስንኖር ከሸክላ ማጫወቻህ ላይ የማይወርደው የአሜሪካው የሮክ ቡድን የኦልማን ብራዘርስ ባንድ አልበም፣ «አት ፊልሞር ኢስት» ነው። ያኔ «ይህ ጊታር መቼ ነው የሚያበቃው?» እያልኩ እነጫነጭብህ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ቡድኑ ይኖርባት ወደነበረችው የጆርጂያ ከተማ ወደ ሜከን ስነዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። አንተ ዐይንህን ጨፍነህ ትሰማው የነበረውን ነገር ገና አሁን አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. በማርች 1971 ኒውዮርክ ውስጥ በተመልካች ፊት የተቀዳ ነው። «ዊፒንግ ፖስት» የሚለው ዘፈን ብቻውን 23 ደቂቃ፣ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ ይይዛል። ለካ ያ ርዝመት ለመደማመጥ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ነው! ዱዌን ኦልማን በጊታሩ አንድ ሐሳብ ይጀምራል፤ ሌላው ጊታሪስት ዲኪ ቤትስ ይቀበለውና አስረዝሞ ይመልስለታል። አንዱ በሌላው ላይ አይጮኽም። ከኋላቸው ሁለት ከበሮ መቺዎች አሉ፤ ነጩ ቡች ትራክስ ምቱን ይዞ ይነጉዳል፣ ጥቁሩ ጄይሞ በጃዝ ስልት ዙሪያውን ያስጌጠዋል። በዚያ ዘመን፣ በአሜሪካ ደቡብ፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

«ስቴትስቦሮ ብሉዝ» የሚለውን ዘፈንማ ምን ልበልህ! ዱዌን የመድኃኒት ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጥልቆ በክሩ ላይ ሲያንሸራትት «መሰንቆ እኮ ነው» ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው። ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው አይዘልም፤ እንደ ሰው ጉሮሮ እየተሳበ ይሄዳል።

አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ዱዌን እዚያው ሜከን በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ፤ ገና 24 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ የቤዝ ተጫዋቹ ቤሪ ኦክሊ በተመሳሳይ አደጋ፣ በዚያው አካባቢ፣ በዚያው ዕድሜ ተከተለው። ሮዝ ሂል መካነ መቃብር ጎን ለጎን ተቀብረዋል። እዚያ ቆሜ ስምህን ጠራሁ።

«ዊፒንግ ፖስት» ሲያበቃ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ ሌላ ዜማ ይጀምርና ይቆረጣል። የዚያ ዜማ ቀጣይ የወጣው በ1972 በሌላ አልበም ነው። ያ ሸክላ አሁንም አንተ ዘንድ አለ? በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ እመጣለሁ። መጀመሪያ ለቅሶህን እደርሳለሁ፤ ከዚያ ከፈቀድክልኝ አብረን እንሰማዋለን።