ይድረስ ለግብር ጠሉ ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁበትን ምክንያት ታውቀዋለህ፤ ስለ ተወረሰው የአያትህ ቤት ያን ቀልድ ከተናገርኩ በኋላ ለቅሶ ሳልደርስ መቅረቴ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ይቅር በለኝ። ከዚህ በላይ ብጽፍ ሰበብ መደርደር ስለሚሆንብኝ እዚህ ላይ ላቁም፤ እውነቱን ልንገርህና፣ ዛሬ ያስጻፈኝ ጸጸት ብቻ ሳይሆን ካንተ በቀር ከማንም ጋር ልከራከረው የማልችለው ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሳቅ፦ እኔ ባለንብረት ሆኛለሁ። አምና ዕቁብ ሲወጣልኝ በግቢዬ ውስጥ በማሽን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ፓምፕ ገጠምኩ፤ ሮቶም ሰቀልኩ። እኛ ሰፈር፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቢጫ ጀሪካን ከበሬ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሰለፋል፤ ባለቤቶቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ተራቸውን የሚጠብቅላቸው በየጀሪካኑ እጀታ ላይ ያሰሩት ቁራጭ ጨርቅ ነው። እኔም አንዱን ጀሪካን በአሥር ብር እሸጣለሁ። በጋሪ የሚያዞሩት ከዚህ አብልጠው ስለሚሸጡ ርካሽ ነኝ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ባለቤቴ ግን አልተጽናናችም። «ለጎረቤት ውሃ ይሸጣል እንዴ?» ስትለኝ ከአፌ የወጣው ያንተ ቃል ነበር፦ «ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት በገንዘቤ ነው፤ ማንንም አላስገደድኩም፤ የፈለገ ይግዛ፣ ያልፈለገ ይተው።» ዶርም ውስጥ አልጋ እየደበደብኩ የተቃወምኩህን ነገር በገዛ ሳሎኔ ስናገረው ራሴን ሰማሁት።

በዚያው ምሽት እኔ ዘንድ የቀረውን የአሜሪካዊውን ፈላስፋ የሮበርት ኖዚክን መጽሐፍህን አቧራውን አራግፌ ገለጥኩ። በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ እኛ አገር ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበትና የሰው ትርፍ ቤት ሊወረስ ጥቂት ወራት በቀሩበት ዓመት፣ እሱ ከሰው የሥራ ገቢ የሚወሰድ ግብር ከግዳጅ ሥራ እንደማይለይ ይጽፍ ነበር። ይህን ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በአያትህ ቤት አልቀልድም ነበር።

አንተ ሁልጊዜ የምትዘልለው አንድ ቦታ አለ። ኖዚክ ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከጆን ሎክ የወሰደው ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሰው ማንም ያልያዘውን ነገር የራሱ ሲያደርግ የሌሎችን ሁኔታ ከቀድሞው ማባባስ የለበትም ይላል። ምሳሌው ደግሞ፣ ታምናለህ፣ የውሃ ጉድጓድ ነው! በበረሃ ውስጥ ያለውን ብቸኛ ጉድጓድ ይዞ ደስ ባለው ዋጋ መሸጥ አይፈቀድም፤ የሌሎቹ ጉድጓዶች ሁሉ ደርቀው የአንዱ ብቻ ቢተርፍም እንዲሁ ነው። ወዲያው ግን ሌላ ምሳሌ ያመጣል፤ አዲስ መድኃኒት የፈለሰፈ ተመራማሪ በራሱ ዋጋ ካልሆነ አልሸጥም ቢል ማንንም አልጎዳም፣ ምክንያቱም እሱ ባይሠራው ኖሮ መድኃኒቱ አይኖርም ነበር።

ታዲያ እኔ የትኛው ነኝ? ባላስቆፍር ኖሮ ጉድጓዱ አይኖርም ነበርና ባለመድኃኒቱ ነኝ እላለሁ። ነገር ግን ጉድጓዱን እንጂ ውሃውን አልሠራሁትም፤ ውሃው አጥር አያውቅም። መሬቱም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው፤ ስለዚህ አጥብቄ ስመረምረው በእርግጥ የእኔ የሆነው ቀዳዳው ብቻ ነው። «መሬት ላራሹ» ሎክ በአማርኛ ሲናገር ነው ያልከኝ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ሳስበው፣ ድካሙን ከመሬቱ ጋር ያዋሃደ ባለቤት ይሁን ማለት ስለሆነ፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

አንድ ነገር ግን አልለቅልህም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ በእኛ አቆጣጠር የ1965ና የ66ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረና ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ገበሬው መግዣ አልነበረውም። ነጋዴው አልሰረቀም፣ አላታለለም፤ ሽያጩ ሁሉ ያንተን መመዘኛ ያልፋል፤ ሰው ግን አለቀ። ይህን ባነሳሁብህ ቁጥር «ምጽዋትን ማን ከለከለ?» ትለኝ ነበር። ደግሞ ታደርገው ነበር! ግብር ዝርፊያ ነው እያልክ የኪስ ገንዘብህን የምታካፍለኝ አንተ፣ ስለ እኩልነት እየሰበክሁ ሳሙናዬን የምቆልፈው እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። ከአጥሬ ማዶ ያሉት እትዬ በእጅ የተቆፈረ የድሮ ጉድጓድ ነበራቸው። የእኔ ፓምፕ መሳብ ከጀመረ በአራተኛው ወር ደረቀ። በጋው ነው አልኩ፤ ሊሆንም ይችላል። ግን ገመዱ ደርቆ ባልዲው ተደፍቶ ሳየው... ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም። እሳቸው ደግሞ ቅሬታ እንኳ ሳያሰሙ እንደ ማንኛውም ሰው ይሰለፋሉ፣ አሥር ብራቸውን ይከፍላሉ፣ «ተባረክ ልጄ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ያንተው ኖዚክ ያለአግባብ የተወሰደ ነገር መካስ አለበት ይላል፤ አንተም ስለ አያትህ ቤት ስትከራከር ይህንኑ ነበር የምትጠቅሰው። እኔ ግን መውሰዴን እንኳ እርግጠኛ ባልሆንኩበት ምኑን ልካስ? ዋጋ ብቀንስላቸው ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?

ትናንት ጠዋት ውሃ የሚቀዳውን ልጅ ከእሳቸው ገንዘብ እንዳይቀበል አዘዝኩት። እሳቸው ግን «በነፃማ አልወስድም» ብለው አሥር ብሩን ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ሥር ሸጉጠው ሄዱ። እኔ አልተቀበልኩም፤ እሳቸውም መልሰው አልወሰዱትም። ዛሬም ከዚያው ነው፤ ተሰላፊው ሁሉ ያየዋል፣ የሚነካው የለም። ነገ ንጋት ላይ ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጣሉ። በፈቃድ ላይ በተመሠረተው ንድፈ ሐሳብህ መሠረት ያ አሥር ብር የማን እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ወይም የአዳማን ሙቀት ትተህ ራስህ ናና ድንጋዩን አንሳው።

ወንድምህ
ሐዋሳ