የኮምፒውተር ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ያለ ቁልፍ የተከፈተው መዝገብ

ክበባችን በመስከረም ወር፣ 31 አባላትን መዘገበ፣ ሥራ አስፈጻሚ መረጠ፣ በየዓርቡ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤው መዝገብ ቤት ስላለ አልደግመውም። «እነዚያ ልጆች ጨዋታ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት» ለሚሉ ባልደረቦቼ ግን የምነግራቸው አለኝ።

የዓመቱ ሥራችን የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነበር። ልጆቹ አብዛኛውን ኮድ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አስጻፉት። አልከለከልኳቸውም፤ ብከለክልስ ቤታቸው በስልክ ያስጽፉት የለም? በሁለት ሳምንት ያማረ ፕሮግራም ይዘው ሲመጡ እኔም አጨበጨብኩ።

ካሉን 12 ኮምፒውተሮች የሚሠሩት 5 ናቸው። ተራ ያልደረሳት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ኮዱን በደብተሯ ስትገለብጥ ሰንብታለች። በጥር ወር ፕሮግራሙን ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ስናሳይ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልሞክር?» አለች። በስም መጻፊያው ቦታ አንዲት ነጠላ የጥቅስ ምልክት፣ «ወይም 1=1» የሚል ትእዛዝ፣ ከዚያም ሁለት ሰረዝ አስገባች። የይለፍ ቃል አልጻፈችም። የተዋሾቹ ስም ከነመምህራኑ ስልክ ተዘረገፈ።

«ማን ከፈተልሽ?» አሉ እትዬ፣ የቁልፍ መያዣቸውን እየዳበሱ።

ኮዱ ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ ከመረጃ ቋቱ ትእዛዝ ጋር ይቀጥለው ኖሯል። 1 ምንጊዜም ከ1 እኩል ስለሆነ ሁሉም ያልፋል፤ ሰረዞቹም የይለፍ ቃል ማጣሪያውን ያስቀሩታል። ያስጻፈው ልጅ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው የጻፈው» ቢል፣ «አንተስ አንብበኸው ነበር?» አለችው። እኔም አቀረቀርኩ፤ አላነበብኩትም ነበርና።

በእኛ አልተጀመረም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ጊትኸብ ኮፓይለት የተባለውን ኮድ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለስህተት በሚያጋልጡ 89 ሁኔታዎች 1,689 ፕሮግራሞች አስጽፈው፣ 40 በመቶ ያህሉ ላይ የደኅንነት ክፍተት አግኝተዋል።

የካቲት በጥገና አለቀ፦ የተጠቃሚው ጽሑፍ ከትእዛዙ ተነጥሎ እንዲገባ አደረግን። የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃልም ኮዱ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ስላገኘነው ቀየርነው። በሚያዝያ መብራት ጠፍቶ የሁለት ሳምንት ሥራ ወሰደብን፤ መጠባበቂያ ባትሪ እንዲገዛልን የጻፍነው ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ሚኒ ሚዲያ ግን አዲስ ድምፅ ማጉያ አግኝቷል፤ እንኳን ደስ ያላቸው።

የወላጅ መምህራን ኅብረትን የምንለምነው አንድ ባትሪና የ7ቱን ኮምፒውተሮች ጥገና ነው። ደብተር ላይ መገልበጡ ጠቀመ ተብሎ ደግሞ ሰበብ እንዳይሆንብን። የልጅቷ ደብተር አልቆ ሌላ ገዝቼላታለሁ፤ የቀረው ከእኔ አቅም በላይ ነው።